አልጫን ያለ ላፕቶፕ

ለኮምፒውተር ጥገና ሠልጣኞች በተዘጋጀ መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ሠልጣኞች፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የቆማችሁት ወደ ፊት ቅረቡ፤ እዚህ በስተቀኝ ባዶ ወንበሮች አሉ። ከፊት የተቀመጠ ይጠየቃል ብላችሁ ሠግታችሁ ከሆነ ልክ ናችሁ፤ እጠይቃለሁ።

አዘጋጆቹ «በሥራሽ ካየሽው አንድ ነገር መርጠሽ አካፍይን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ስክሪን ቅያሪ ነበር፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነውና። በኋላ ግን ጠረጴዛዬ ላይ የተደረደሩትን ላፕቶፖች አየሁ። ብዙዎቹ ተበላሽተው የመጡ አይደሉም። ሊጠገኑ ተሞክሮ የባሰባቸው ናቸው። ባለቤቶቻቸው በር ላይ ቆመው የሚናገሩት ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፎርማት ላስደርገው ወስጄው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አልነሳም አለ።» ከዚህ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄም አለ፤ «እኅቴ፣ ባለሙያው የት ሄደ?» የሚል። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም እጠየቃለሁ። «ምሳ ሄዷል፤ እስኪመጣ እኔ ልየው» እላቸዋለሁ።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። ዊንዶውስ መጫን ጀምራችሁ መሀል ላይ እምቢ ሲላችሁ፣ አንድም ነገር ሳትቀይሩ ከመጀመሪያው እንደገና የጀመራችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አትፈሩ፤ ይኸው እኔም አወጣሁ። ሁለተኛውም እምቢ ሲል ሦስተኛ የሞከራችሁስ? ለምን? ኮምፒውተሩ በመሀሉ ሐሳቡን ይቀይራል ብላችሁ ነው?

አያቴ መንዝ ውስጥ ገበሬ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሳቸው ዘንድ እሄድ ነበር። የገበያ ቀን አህያዋ አልጫን ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ዱላ ያነሣል። አያቴ ግን ያወርዱታል፤ ጭነቱን በሙሉ መሬት ላይ ያወርዱታል። ከዚያ መጀመሪያ ስልቻውን ያዩታል፤ ወደ አንድ ጎን አድልቶ፣ ወይም ከልክ በላይ ተሞልቶ እንደሆነ። ቀጥለው መጫኛውን ይፈትሻሉ። የከተማ ልጆች ካላችሁ፣ መጫኛ ማለት ጭነት የሚታሰርበት የቆዳ ጠፍር ነው። በመጨረሻ ጀርባዋን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ፤ ገጥቦ እንደሆነ። እኔ ልጅ ሆኜ በዚህ መዘግየት እናደድ ነበር። ገበያው ያልፍብናል እላቸው ነበር።

ሶፍትዌር ኮምፒውተር ላይ ሲገባ እኛ «መጫን» እንላለን። ጭነቱ አለ፤ መጫኛው አለ፤ የሚሸከመው ጀርባ አለ። ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚህ ሦስቱ ነው። እምቢታው ከሦስቱ ከአንዱ ይመጣል፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ዱላ አታንሡ ነው የምላችሁ። ከሦስቱ በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ ብወርድ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም።

እሱም የሰው ፋይል ነው። ፎርማት ማለት መደምሰስ ነው። ደንበኛው ይህን ላያውቅ ይችላል። «ዴስክቶፕ ላይ ያለው አይጠፋም አይደል?» ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። ይጠፋል! መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱ ባይነሳ እንኳ፣ ኡቡንቱ የሚባል፣ ከፍላሽ በቀጥታ የሚነሳ ነፃ ሥርዓተ ክወና ይዛችሁ ግቡ፤ «ሞክረው» የሚለውን ምረጡ እንጂ «ጫነው» የሚለውን አትንኩ፤ ሃርድ ዲስኩን ከፍታችሁ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ይህንን ሳታደርጉ አንዲት ቁልፍ አትንኩ። አንዲት!

ይህን የምለው ስላደረግሁት ነው። በሙያው አራተኛ ዓመቴ ላይ አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ላፕቶፑን አመጣ። ፋይሎቹን በራሱ ውጫዊ ዲስክ ላይ ገለበጥኩለት። እስከዚህ ጎበዝ ነኝ። ዊንዶውሱ አልጫን ሲለኝ ሺፍት እና ኤፍ 10 ተጭኜ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈትኩ፤ ዲስክፓርት ወደሚባለው የዲስክ ማስተዳደሪያ ገባሁ፤ ዲስኮቹን ዘረዘርኩ፤ አንዱን መረጥኩ፤ «ክሊን» ብዬ ጻፍኩ። ጥቁሩ መስኮት «እርግጠኛ ነሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። በአንዲት ሰከንድ ጨረሰ። ቀና ብዬ ስመለከት ያጸዳሁት ዲስክ 931 ጊጋባይት ነው። የላፕቶፑ ዲስክ 465 ነበር። አያችሁ? አንድ ቴራባይት ተብሎ የሚሸጠው ዲስክ እዚያ 931 ሆኖ ይነበባል፤ አምስት መቶው 465፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱ 238 ገደማ። ቁጥሩ ዓይኔ ሥር ነበር። አላነበብኩትም። ውጫዊውን ዲስክ ሳልነቅል፣ የሰው ሠርግ ሁሉ ያለበትን ዲስክ አጸዳሁት።

እግሬ ተንቀጠቀጠ። አንድ የበጀኝ ነገር ቢኖር ወዲያው ማቆሜ ነው። ያ ትእዛዝ የሚደመስሰው በአብዛኛው ማውጫውን ነው፤ ፋይሉ በላዩ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ቴስትዲስክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ መለስኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ለቀምኩ። ያ ዲስክ ግን የሚሽከረከረው ዓይነት ስለነበረ ነው። የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ኤስኤስዲ የተሰረዘን ቦታ ራሱ ከሥር ስለሚያጸዳው ብዙ ጊዜ የሚለቀም ነገር አይተርፍም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫኚውን ፍላሽና የላፕቶፑን የራሱን ዲስክ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ ሳልነቅል ሥራ አልጀምርም። ለፎቶ አንሺው እውነቱን ነገርኩት። ተቆጣ፤ ግን አሁንም ደንበኛዬ ነው።

እሺ፣ ወደ ጭነቱ።

ጭነቱ ስል የሚጫነውን ፋይል ነው። የዊንዶውስ 11 ፋይል ከአምስት ጊጋባይት በላይ ነው። በእኛ አገር የዳታ ዋጋ ይህን በየጊዜው የሚያወርድ ማን ነው? ስለዚህ ምን እናደርጋለን? ከጎረቤት ሱቅ እንገለብጣለን። ጎረቤታችን ከሌላ ጎረቤቱ ገልብጧል። ያ ፍላሽ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ስንት ዓመት ሆነው? በመንገድ ላይ ማን ምን ቀነሰለት? ማን ምን ጨመረበት? «ያቀለልኩት ነው፣ ፈጣን ነው» ይሏችኋል። ከውስጡ የወጣው ምን እንደሆነ፣ የገባው ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔ በዚህ ነገር ትንሽ ክፉ ነኝ፤ የማላውቀውን ፍላሽ በሰው ላፕቶፕ ላይ አልሰካም።

የተበላሸ ጭነት ራሱን ይናገራል። «አስፈላጊዎቹን ፋይሎች መጫን አልተቻለም፤ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም የለም» ይልና ዜሮ ኤክስ 80070570 የሚል ቁጥር ያወጣል። ይህን ቁጥር ስታዩ በዚያው ፍላሽ እንደገና አትጀምሩ። ከማይክሮሶፍት ገጽ፣ ካስፈለገ ሌሊት፣ አውርዱ፤ አውርዳችሁም የፋይሉን አሻራ አመሳክሩ። ማይክሮሶፍት የእያንዳንዱን ፋይል ኤስኤችኤ 256 አሻራ እዚያው ይጽፋል፤ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ሰርትዩቲል በሚባል ትእዛዝ ደግሞ የወረደላችሁን ፋይል አሻራ ታወጣላችሁ። ስልሳ አራት ፊደልና ቁጥር ነው። አንዷ ከተለየች ፋይሉ ሌላ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን የሚያደርገው ሰው እስካሁን አላየሁም። እዚህ ያደረገ አለ? አንድ! ጎበዝ፤ ከስብሰባው በኋላ አነጋግረኝ፤ ሥራ አለኝ።

ሌላም የጭነት ችግር አለ፤ ጭነቱ ጤነኛ ሆኖ ለዚያች አህያ መክበዱ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ሰው ሁሉ «11 ጫኚልኝ» ይላል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል፣ አራት ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ይህን ፍተሻ ማለፊያ መንገድ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቃለሁ። ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ዓይነቱ ማሽን ዝማኔ እልካለሁ ብሎ ቃል አይገባም፤ ይህን ለደንበኛው ንገሩት፤ ከዚያ ምርጫው የእሱ ነው። ኮር ቱ ዱዎ በሚባለው አሮጌ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ግን አትልፉ። 24ኤችቱ ከተባለው የ2024 እ.ኤ.አ. እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ፖፕካውንት የሚባል የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይፈልጋል፤ ኮር ቱ ዱዎ ይህ ትእዛዝ የለውም። ፍላሽ ብትቀያይሩ፣ ራም ብትጨምሩ፣ ብትጸልዩም አይነሳም። ለእንደዚህ ዓይነቷ አህያ የሚቀል ጭነት ፈልጉ፤ ሊነክስ ሚንት የሚባለውን ሥርዓተ ክወና ጫኑላት፤ ተሸክማ ትሄዳለች።

ሁለተኛው መጫኛው ነው። መጫኛው ፍላሹና ፍላሹ የሚነሳበት መንገድ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተማሪ የሚሳሳተው በብዛት እዚህ ነውና።

የወረደውን ፋይል ልክ እንደ ዘፈን ፍላሽ ላይ ገልብጦ «አልነሳ አለኝ» ብሎ የመጣ ልጅ ነበረ። አትሳቁ፤ ማንም አልነገረውም ነበር። ያ ፋይል የታሸገ ሳጥን ነው፤ ተከፍቶ በፍላሹ ላይ መዘርጋት አለበት። ለዚህ የማይክሮሶፍት የራሱ መሣሪያ አለ፤ ሩፈስም አለ። «እኔ በእጄ ከፍቼ እገለብጠዋለሁ» የሚል ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ከተዘጋጀ ከአራት ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ በዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ዋናው ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። «ታዲያ ወደ ሌላው አያያዝ፣ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ልቀይረው» ብሎ ቢቀይረው፣ ብዙ ላፕቶፖች ከኤንቲኤፍኤስ ፍላሽ በቀጥታ አይነሱም። ሩፈስ ይህን ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ስለሚፈታው እኔ ከእሱ ጋር አልጣላም።

ፍላሹ ራሱ ውሸታም ሊሆን ይችላል። በመንገድ ዳር በርካሽ የምትገዙት፣ 64 ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ስምንት የሆነ ፍላሽ አለ። ሲጻፍበት «እሺ፣ እሺ፣ ተቀበልኩ» ይላል፤ ሲነበብ ግን ባዶ ነው። መጫኑ መሀል ላይ ሲወድቅ ጥፋቱን ማን ላይ ታደርጋላችሁ? ላፕቶፑ ላይ! ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ሞልቶ እየጻፈ፣ መልሶ እያነበበ ያጋልጠዋል። አዲስ ፍላሽ ስገዛ ሳልፈትነው ሥራ ላይ አላውለውም።

አሁን ደግሞ የሁላችንንም ራስ ወደምታዞረው መልእክት ልምጣ። ዲስኩን መርጣችሁ «ቀጥል» ስትሉ እንዲህ ይላችኋል፦ «በዚህ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ መጫን አይቻልም፤ ዲስኩ የኤምቢአር ሠንጠረዥ አለው፤ በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ ዊንዶውስ የሚጫነው በጂፒቲ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።» ስንቱ ነው ይህን አይቶ «ዲስኩ ተበላሽቷል» ያለ? ዲስኩ ምንም አልሆነም። የተባለው የዲስኩ መዝገብ በአሮጌው ሥርዓት ተይዟል፣ ፍላሹ ደግሞ የተነሳው በአዲሱ መንገድ ነው፣ ሁለቱ አይግባቡም ነው። ኤምቢአር ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ መዝገብ ነው፤ በተለመደው ዲስክ ላይ ከሁለት ቴራባይት በላይ መመዝገብ አይችልም፤ ዋና ዋና ክፍሎቹም ከአራት አያልፉም። ጂፒቲ ኮምፒውተሩን ከሚያስነሳው አዲስ ሥርዓት፣ ከዩኢኤፍአይ ጋር የመጣው አዲሱ መዝገብ ነው።

ይህ ግጭት ከየት መጣ? እዚህ ላይ አዳምጡኝ። ላፕቶፑ ሲነሳ የማስነሻ ዝርዝሩን ትከፍታላችሁ፤ በኤችፒ ብዙ ጊዜ ኤፍ 9፣ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በአሱስ ኢስኬፕ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያው አንዱ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ አንዱ ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» የሚል አለው፣ ሌላው የለውም። ፍላሹ አንድ ነው፤ መንገዱ ሁለት ነው። ያለ ሐሳብ አንዱን ትጫናላችሁ፤ ውሳኔው እዚያ ላይ አለቀ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የምታዩት የስሕተት መልእክት የተወለደው በዚያች ቅጽበት ነው።

መፍትሔው ሁለት መልክ አለው። ፋይሉ በሌላ ቦታ በሰላም ከተቀመጠ፣ በዲስኩ ላይ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ ሰርዛችሁ ባዶውን ቦታ መርጣችሁ ቀጥሉ፤ ጫኚው መዝገቡን ራሱ በአዲሱ ሥርዓት ይከፍታል። ዲስኩ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ከነፋይሉ ማቆየት ከተፈለገ ደግሞ ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ የሚባል የማይክሮሶፍት ትእዛዝ ሳይደመስስ ይቀይረዋል። ሳይደመስስ ቢባልም፣ የፎቶ አንሺውን ዲስክ አስታውሱ፤ ቅጂ ሳትይዙ አትንኩት።

ውሃ የሚጠጣ ይጠጣ። ሦስተኛው ጀርባው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ላፕቶፕ በላስቲክ ጠቅልለው መጡ። አባባ እላቸዋለሁ። ላፕቶፑ ባሕር ዳር የምትማር የልጃቸው ነው። ዝማኔ ሲያደርግ መብራት ሄደ፤ ባትሪው ደካማ ነበር፤ ከዚያ አልነሳም አለ። መጀመሪያ የወሰዱት ሱቅ ሊጭንበት ሲሞክር «ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት መጣ። «አባባ፣ ዲስኩ ሞቷል» ተባሉ። አዲስ ዲስክ ገዙ። አዲሱም አልተገኘም! ሁለተኛው ሱቅ «ማዘርቦርዱ ነው፣ ይጣል» አላቸው። እኔ ዘንድ የመጡት ሊያስጠግኑ አልነበረም፤ «ልጄ፣ ለመለዋወጫ ስንት ትገዢኛለሽ?» ነው ያሉኝ።

ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ወደ ባዮስ ገባሁ። አዲሱ ዲስክ ስሙ ከነመጠኑ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ባዮስ ካየው እንዴት የለም ይባላል? አለ፤ የማያየው ጫኚው ነው። ከአሥራ አንደኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ቪኤምዲ የሚባል አስተዳዳሪ በዲስኩና በዊንዶውስ መካከል ይቆማል፤ ጫኚው የእሱን ድራይቨር፣ ማለትም የሚያግባባቸውን ፕሮግራም ካልያዘ በሩ ተዘግቶበት ይቀራል። መልእክቱ ራሱ እኮ ይናገራል! «ድራይቨር ጫን» የሚል አማራጭ ከሥሩ አለ። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የኢንቴልን የማከማቻ ድራይቨር አውርዳችሁ፣ ከታሸገበት አውጥታችሁ ፍላሹ ላይ አስቀምጡት፤ ያንን አማራጭ ተጭናችሁ አሳዩት፤ ዲስኩ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ባዮስ ላይ ቪኤምዲን ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን በዲስኩ ላይ ቀድሞ የተጫነ ዊንዶውስ ካለ፣ ይህን ስታጠፉ እሱ ላይነሳ ይችላል።

የልጅቷ አሮጌ ዲስክስ? «ሞቷል» የተባለው? አባባ በኪሳቸው ይዘውት ነበር። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፤ ያለ ምንም እንከን ተነበበ፤ ግን ተቆልፏል። የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የሆነው ቢትሎከር 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ጠየቀ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ይህን ቁልፍ ይዘው ነው የሚሠሩት፤ ቁጥሩም በማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ይቀመጣል። ልጅቷ ጋ ደወልን፤ በስልኳ ከፍታ አገኘችው። ስድስት ስድስት አኃዝ እያደረገች፣ ስምንት ጊዜ አነበበችልን። አባባ መነጽራቸውን አድርገው የጻፉት በምን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በአዲሱ ዲስክ ደረሰኝ ጀርባ ላይ። ምንም ያላስፈለገ ዲስክ ደረሰኝ። ያን ወረቀት ባየሁ ቁጥር፣ ምክንያቱም እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ እናደዳለሁ። የመጀመሪያው ሱቅ ሌባ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። መልእክቱን አላነበበም፤ ባዮስ አልገባም፤ በቃ።

ጀርባው በእውነት የገጠበበት ጊዜም አለ። ዲስኩ ሲሞት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የጤናውን ሁኔታ ያሳያችኋል። ራሙን ለማወቅ ሜምቴስት 86ን አስነሥታችሁ ሌሊቱን ተዉት። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማየው አንድ ነገር አለ፦ መጫኑ የሚቆመው የት ነው? ሁልጊዜ 43 በመቶ ላይ ከሆነ ፋይሉን ወይም ፍላሹን እጠረጥራለሁ። አንዴ 12፣ አንዴ 70፣ አንዴ 35 ላይ ከሆነ ራሙን፣ ዲስኩን፣ ሙቀቱን እጠረጥራለሁ። ሁልጊዜ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ የት እንደምጀምር ግን ይነግረኛል። ለዚህ ነው የቆመበትን በመቶ ወረቀት ላይ ጻፉ የምላችሁ። በጭንቅላታችሁ አትያዙት።

ደንበኛውንም ጠይቁ። «ወድቆ ነበር? ውሃ ነክቶት ነበር?» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይደብቃሉ። አንዷ «ምንም አልነካውም» ብላ ምላ ትታ ከሄደች በኋላ ብከፍተው ከውስጡ የቡና ሽታ መጣ። ስኳር ያለበት ቡና ነበር።

ስለ ጀርባ ካነሳሁ አይቀር፣ በ2009 ዓ.ም. የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ተማሪ አሮጌ ላፕቶፕ አመጣ፤ ዊንዶውስ 10 ጫንኩለት፤ እኔ ዘንድ በደንብ ይነሳል፤ ቤቱ ሲወስደው ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። መልሶ ያመጣል፤ እጭናለሁ፤ ይነሳል፤ ይወስደዋል፤ አይነሳም። ሦስት ጊዜ! ቤቱ ምን አለ? ጎረቤቶቼ «ጠበል ይረጭበት» አሉኝ። በሦስተኛው ጊዜ የባዮሱን ሰዓት አየሁ፤ 2009 ይላል። ልጁ በትከሻዬ በኩል አየና «ሰዓቱስ ልክ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚቆጥረው» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ላፕቶፑ በእኛ አቆጣጠር እየቆጠረ አልነበረም፤ ወደተሠራበት ወደ 2009 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ነው።

የባዮስን ማስታወሻ የምትይዘው ትንሿ ባትሪ ሞታ ነበር። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ስሟ ራሱ ልኳ ነው፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ውፍረት፤ ሦስት ቮልት። የላፕቶፑ ዋና ባትሪም ስለማይሠራ፣ ልጁ ቻርጀሩን ነቅሎ ታክሲ ሲሳፈር ባዮሱ ሁሉንም ረስቶ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል። ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበት ስልት እኔ ካስተካከልኩት ይለወጣል፤ ዊንዶውሱም ዲስኩን ማግኘት ያቅተዋል። ጭነቱ ደህና፣ መጫኛው ደህና፣ ዲስኩ ደህና፤ አንዲት ሳንቲም የምታህል ባትሪ ግን ሞታለች። እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ ጫንኩ። ሰዓቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ተጽፎ ነበር።

ጊዜዬ እያለቀ ነው፤ ሰብሳቢው በዓይናቸው እየጠሩኝ ነው። ሁለት ትንንሽ ነገሮች ብቻ።

መጫኑ ግማሽ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ያን ጊዜ ፍላሹ የመጀመሪያ ተራ ከያዘ እንደገና ከፍላሹ ይነሳና «ቋንቋ ምረጡ» ይላችኋል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ አንድ ሌሊት ይህን እያደረገ አነጋ። ጠዋት ስገባ ዓይኑ ቀልቶ «እትዬ፣ አራተኛው ነው፤ አሁን ሊያልቅ ነው» አለኝ። የመጀመሪያው መነሳት ላይ ፍላሹን ንቀሉት፤ ወይም ማስነሻውን ወደ ዲስኩ መልሱት።

ሁለተኛው፣ ሁሉም አልቆ «ከኢንተርኔት ጋር ተገናኙ» ሲላችሁና ዋይፋይ ሳያሳይ ሲቀር፣ አልተሳካም ብላችሁ እንደገና አትጀምሩ። የዋይፋዩ ድራይቨር ስለሌለ ነው። የአንድሮይድ ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ አካፍሉት፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይቀበለዋል። ከዚያ ድራይቨሩን ራሱ ያወርዳል። የዳታችሁን መጠን ግን ቀድማችሁ እዩ፤ ዝማኔውም አብሮ ይወርዳል፤ እኔ አንድ ጊዜ የወር ጥቅሌን በአንድ ከሰዓት በልቶብኛል።

አሁን ወሬው ይብቃ። አንድ ሠልጣኝ ጠዋት ይህን ላፕቶፕ ሰጥቶኛል፤ ትናንት ማታ አልጫን ብሎታል። አልከፈትኩትም፤ ከእናንተ ጋር ነው የምከፍተው። መብራቱን አጥፉልንና ፕሮጀክተሩ ላይ እናውጣው። የማን ነው? አንተ ነህ? ና ወደዚህ ቅረብ። ከመክፈቴ በፊት ንገረኝ፤ ሲቆም ስክሪኑ ላይ ምን ይል ነበር? አልጻፍከውም? እሺ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ለልጁ አቀብሉት፤ እንደገና እናስነሳዋለን።